«እዛ የምናውቀው ልጅ አለ?»

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ወላጆች ይደውሉልኛል። ስለ ዩኒቨርሲቲው ደረጃ ወይም ስለ ላቦራቶሪው የጠየቀኝ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «መምህር፣ እዛ የምናውቀው ልጅ አለ?» ካለ ድምፃቸው ወዲያው ይለወጣል። ልጁ ዘመድ መሆን የለበትም፣ ጎበዝ ተማሪ መሆንም የለበትም። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድሞ ገብቶ ግቢውን የሚያውቅ ከሆነ ይበቃቸዋል።

ታሪክ ስለማስተምር ይህቺ ጥያቄ ከየት እንደመጣች ማሰብ ጀመርኩ። በፈረንጅ አገር ነባር ተማሪ አዲስ ገቢውን በፈቃደኝነት የሚደግፍበት አሠራር ቢሮና ማስተባበሪያ አለው፣ በድረ ገጽም ይመዘገባሉ። እኛ ጋ ቢሮ ሳይኖረው በጣም ረጅም ዕድሜ ኖሯል። እኔ እንደማየው ድጋፉ ሁልጊዜ የሚያልፈው በአንድ ዝምድና በኩል ነው። ዘመኑ ሲለወጥ ዝምድናውም ይለወጣል፤ አንዴ የትምህርት ቤት ነው፣ አንዴ የእምነት፣ አንዴ የሰፈር። ከዝምድናው ውጪ የቀረ ልጅ ደግሞ ብቻውን ይገባል። የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ነገሩን ከቆሎ ተማሪ ልጀምር። አንድ ልጅ ከአገሩ ወጥቶ ጎጃም ወይም ጎንደር አንድ ጉባኤ ቤት ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚንከባከቡት የኔታ አይደሉም። የኔታ ብቻቸውን ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነው። አዲሱን የሚቀበለው ቀድሞ የገባ ተማሪ ነው። ጎጆው ውስጥ ያስጠጋዋል፣ ቁራሽ የሚለመንበትን መንደር ያሳየዋል፣ የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለ ይነግረዋል። (ይሄ ቀልድ አይደለም፤ አኮፋዳ አንጠልጥሎ ለዞረ ልጅ ከሁሉም የሚቀድም ትምህርት ነው።) ማታ ደግሞ ያስቀጽለዋል። ቀጸላ የሚባለው የላይኛው ተማሪ የታችኛውን እየሰማ የሚያርምበት ሥርዓት ነው። የሚያስቀጽለው ልጅ ደሞዝ የለውም፤ ግን ሌላውን ሲያርም የራሱ ትምህርት ይጸናለታል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድሩ ቤል እና ጆሴፍ ላንካስተር የሚባሉ ሰዎች «ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን ያስተምሩ» የሚል ዘዴ እንደ አዲስ ነገር ለእንግሊዞች ሲያስተዋውቁ፣ የእኛ ጉባኤ ቤቶች ነገሩን ስም እንኳ ሳያወጡለት ይኖሩበት ነበር።

ወደ ዘመናዊው እንምጣ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ሲጀመር፣ በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ነበሩ የሚያስተዳድሩት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መቶ አይሞሉም። አብዛኞቹ የመጡት ከጥቂት ትምህርት ቤቶች ነው፤ ኮተቤ ካለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከጄነራል ዊንጌት፣ ከተፈሪ መኮንን። ስለዚህ አዲስ ገቢው ዶርም ሲደርስ የሚያያቸው ፊቶች አዲስ አይደሉም። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሜዳ ኳስ የተጫወቱ፣ ምናልባትም በአንድ አዳራሽ ያደሩ ልጆች ናቸው። «እዛ የምናውቀው ልጅ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ሁሉም» ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በዚያ ጊዜ እነማን እንደሚገቡ አስቡት። ከጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ በአብዛኛው ወንዶች። ዝምድናው ጥብቅ የሆነው በሩ ጠባብ ስለነበረ ነው። እነዚያ ዘመኖች በናፍቆት ሲወሩ ይሄኛው ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል።

ከ1950 ዓ.ም. በኋላ የተለየ ነገር መጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለሌሎች አፍሪካ አገሮች ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጠ፤ ኬንያውያን፣ ናይጄሪያውያንና ሌሎችም አራት ኪሎ ገቡ። አዲስ ገቢ እነሱ ናቸው፣ የሚረዳቸው ነባሩ የኢትዮጵያ ተማሪ መሆን ነበረበት። በኑሮው በኩል እውነትም እንደዚያ ነበር። በሐሳቡ በኩል ግን ተገለበጠ። ከቅኝ ገዢ ጋር ሲታገል ያደገው እንግዳ ስለ ማኅበር፣ ስለ ጋዜጣ፣ መንግሥትን በአደባባይ ስለ መተቸት ለነባሩ ማስተማር ጀመረ። የተማሪዎችን ንቅናቄ ያጠኑ የታሪክ ሰዎች እነዚህን እንግዶች ሳያነሱ አያልፉም። የተማሪ ለተማሪ ነገር አንዱ ጥሩነቱ ይሄ ይመስለኛል፤ ማን ማንን እንደሚያስተምር አስቀድሞ መወሰን አይቻልም።

ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ማዕከሉ ገነተ ልዑል፣ ማለትም የዛሬው ስድስት ኪሎ ሆነ። በዚያው በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ አሠራር ሲቀር ብዙ ተማሪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ መማር ጀመረ። ምክንያቱ ፖለቲካዊ ነበር፤ አንድ ላይ የሚያድር ተማሪ አንድ ላይ ያስባል ተብሎ ተፈራ። ለአዲስ ገቢው ግን ውጤቱ ቀላል አልነበረም። ዶርም የመኝታ ቦታ ብቻ አይደለማ! ነባሩና አዲሱ ሳይፈላለጉ የሚገናኙበት ቦታ እሱ ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውን ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆነ። በጎ ፈቃድ አልነበረም፣ ዲግሪ ለማግኘት ግዴታ ነው፣ ያጉረመረመም ብዙ ነበር። ግን ያስከተለውን ተመልከቱ። ከዚያ በፊት በሩቅ አውራጃ ያለ የ10ኛ ክፍል ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን በሬዲዮ ነው የሚሰማው። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊቱ ቆሞ ጠመኔ ይዟል፣ ከክፍል ሲወጣም በዚያችው ከተማ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ እዛው ሻይ ቤት ይቀመጣል። ከሱ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ወጣት ነው። ልጁ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል። ምን ይበላል፣ እንግሊዝኛው ይከብዳል ወይ፣ የደሃ ልጅ አለ ወይ። ልጁ ግቢ ከመግባቱ በፊት መንገድ የሚያሳየው ሰው እቤቱ ድረስ መጣለት ማለት ነው። በዚያ መንገድ ስንት ልጅ አዲስ አበባ እንደመጣ የቆጠረ ባይኖርም፣ ጡረታ ከወጡ አስተማሪዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ አንድ የሰርቪስ አስተማሪ ስም ሳይጠሩ አይነሱም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ዩኒቨርሲቲው በሩን ዘጋ። ሲመለሱ የጠበቃቸውን ታውቁታላችሁ። በቀይ ሽብር ዓመታት ነባር ተማሪ አዲሱን ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ልርዳህ» ቢለው አዲሱ በመጀመሪያ የሚያስበው «የማን ነው ይሄ?» ብሎ ነው። የድርጅት መልማይ ሊሆን ይችላል፣ ጠቋሚም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ቤተሰቦቻችሁ የሚነግሯችሁ ይበልጣል። አንዱ ሌላውን መርዳት መተማመን ይፈልጋል፤ መተማመን ደግሞ አንዴ ከተሰበረ አዋጅ አይጠግነውም።

የተሰበረው እንዴት ተጠገነ ብትሉኝ፣ በብዙ ግቢ የጠገነው እምነት ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ገቡ። እዛ ካምፕ ውስጥ ለጸሎት ይሰበሰቡ የነበሩ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ናቸው በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻ የሆኑት። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ የምንለው ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። የወንጌላውያን ተማሪዎች ፌሎሺፕ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓም በየበኩላቸው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

እኔ በዲፕሎማ የወጣሁ ስለሆንኩ የትልቁን ግቢ ኑሮ የማውቀው ከተማሪዎቼ አፍ ነው። ሁሉም የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲደርስ ወረቀት ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጽፈው የቆሙ ልጆች አሉ። ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ሪጅስትራር ድረስ ያደርሳሉ፣ ዶርም ያስገባሉ። ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት የተላኩ አሉበት፣ ከእምነት ማኅበራቱ የመጡም ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ሲደርስ የፍሬሽማን ሒሳብ ቱቶሪያል ይሰጣሉ፣ የቆየ የሚድ ፈተና ኮፒ አድርገው ያድላሉ፣ የታመመ ልጅ ክሊኒክ ይወስዳሉ። አንዲት ተማሪዬ የመጀመሪያ ሴሚስተሯን እንዴት እንዳለፈችው ስጠይቃት «ቲቸር፣ መዝሙር ጥናት ሄጄ ፊዚክስ ተምሬ መጣሁ» ብላኛለች።

እነዚህን ልጆች ማንም አይከፍላቸውም፣ ሰርተፊኬትም አይሰጣቸውም። መመስገን አለባቸው። ግን እውነቱን ከተነጋገርን፣ ሻንጣው የሚነሳለት በአንገቱ ባለው ማተብ ወይ በስሙ ከተለየ በኋላ ሲሆን አንድ ነገር ይጎድላል። እምነቱ እዛ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው የሌለው ልጅ አለ፤ ወደ የትኛውም ስብስብ መሄድ የማይሆንለት ልጅም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ መናኸሪያ ሲወርድ ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ሰፈራችን። ካሳንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ የድርጅቱ ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፣ በእኛ አፍ ካሳንቺስ ሆነ። ለቢሮ ሠራተኛ የተሠራ ሰፈር በኋላ ጊቢው በጊቢ ላይ ተደራርቦ፣ የቀበሌ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፎ፣ ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት ሆነ። ከለገሃር ጀርባ ያለው ቂርቆስም እንደዚያው ነው። በአንድ ቧንቧ የሚቀዳ፣ በአንድ እድር የሚቀብር ሰው ስለ ሁሉም ሰው ልጅ ያውቃል። የማን ልጅ 12ኛ አለፈ፣ የማን ልጅ የት ደረሰው፣ የማን ልጅ ተመለሰ።

ይሄ ወሬ ከወሬ አልፎ ጉልበት የሆነው ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዙ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የምንላቸው አዲስ አበባ፣ አሥመራና አለማያ ብቻ ነበሩ። በ1990ዎቹ መቀሌ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ደቡብ ተጨመሩ፤ ከዚያም በየዙሩ ሲከፈት ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ምደባው ከማዕከል ነው። ስለዚህ ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ የካሳንቺስ ልጅ አንድ ቀን ሠመራ ወይም ሚዛን ወይም ጅግጅጋ ደረሰህ ይባላል። እናቱ መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ቀጥላ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ወሬው እድርና ማኅበር ላይ ይዞራል። በሦስተኛው ቀን «የእትዬ እገሌ ልጅ እዛ ሦስተኛ ዓመት ነው» የሚል ይመጣል።

ያ ሦስተኛ ዓመት ልጅ የሚናገረው በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ላይ አይገኝም። ማስታወቂያው የትምህርት ማስረጃ ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ ይላል። ልጁ ደግሞ ይጨምርበታል፦ ሠመራ ከሆነ ብርድ ልብሱን ተወው ነጠላ ያዝ፣ ደብረ ብርሃን ከሆነ ሁለት ጋቢም አይበዛም። ውሃ ስለሚጠፋ ጀሪካን ግዛ፣ ግን እዛው ስትደርስ፤ ከዚህ ተሸክመህ ብትሄድ ይስቁብሃል። ለሎከርህ ጠንካራ ቁልፍ ያስፈልግሃል። ዶርም ከተመደብክ በኋላ ከጓደኛህ ጋር ለመሆን አልጋ አትቀያየር፣ ፕሮክተሩ ጋ ስምህ ይሳሳታል። ነን ካፌ ለመሆን አትቸኩል፣ የኪስ ገንዘብህ በኅዳር ያልቃል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይቺን፦ የፈለግከው ዲፓርትመንት መግባትህ የሚወሰነው በፍሬሽማን ውጤትህ ነው፤ የመጀመሪያውን ሚድ «እንግዳ ነኝ፣ ገና እየለመድኩ ነው» ብለህ ካለፍከው በኋላ ብትሮጥም አትደርስበትም። ይሄ ምክር በተለይ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከብዷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ካመጣው ለውጥ ጋር ተያይዞ የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ ልጆች በቀጥታ ዲፓርትመንት ይገቡ ነበር፤ በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ። አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ይወስዳል። በትምህርት ቤታችን ስማቸውን እንኳ ያልሰማቸው አሉበት። ሎጂክ ምን እንደሆነ በመስከረም የነገረው ሰው ያለውና የሌለው ልጅ ጥር ላይ ይለያያሉ።

ክረምት ላይ ደግሞ ዝምድናው ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። የክረምት በጎ ፈቃድ ሲባል ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ለእረፍት የመጡ የግቢ ተማሪዎች ሐምሌና ነሐሴ ቲሸርት ለብሰው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ሪፖርት ሲጻፍ ስንት ተማሪ እንደተማረ ነው የሚቆጠረው። በእኔ ግምት ዋናው ትምህርት በእረፍት ሰዓት ደጃፉ ላይ ነው የሚካሄደው። «እዛ ግቢ በቋንቋ ይከፋፈላሉ የሚሉት እውነት ነው?» «ሴት ልጅ ማታ ላይብረሪ መቀመጥ ትችላለች?» ይሄን ለእኔ አይጠይቁኝም። እኔ አስተማሪያቸው ነኝ፣ እንደ አባት እመክራለሁ ብለው ይሸሻሉ።

ሴቶቹን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው የሎ ሙቭመንት የሚባለው የመምህራንና የተማሪዎች ስብስብ በየካቲት፣ ፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን በሚሉት ጊዜ፣ አበባ እየሸጠ አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች ድጋፍ ያሰባስብ ነበር። ከክፍለ ሀገር ለመጣችና ከቤት ገንዘብ ለማይላክላት ልጅ የንጽሕና መጠበቂያ የሚገዛ ሰው ማግኘት ማለት ትምህርት መቀጠልና አለመቀጠል ማለት ሊሆን ይችላል። እነሱ የቃል ምክር ብቻ ሰጥተው አልተዉትም፤ እኔ እጅግ አከብራቸዋለሁ።

መንግሥትስ ዝም ብሎ አየ? አላየም። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ «አንድ ለአምስት» መጣ። ጎበዙ ተማሪ አምስት ይዞ ያስጠናል፣ የለውጥ ሠራዊት ይባላል። ከላይ ሲታይ ቀጸላ ነው፣ ምን ችግር አለው ትላላችሁ። ችግሩ ቀጸላ ቅጽ አይሞላም። አንድ ለአምስቱ ሳምንታዊ ሪፖርት ነበረው፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበረው፣ ያ አደረጃጀት በመሥሪያ ቤቱም በገበሬውም ዘንድ የነበረ ስለሆነ ተማሪው ከትምህርት ሌላ ዓላማ ያለው አድርጎ ነው ያየው። በየትምህርት ቤቱ የተሞሉ ቅጾች አይቻለሁ፤ ባልተደረገ ስብሰባ ላይ አምስቱም የተገኙበት ፊርማ አለ። ጥቂት መምህራን ግን ስሙን ትተው ሐሳቡን ይዘው ጥሩ የጥናት ቡድን እንደፈጠሩበት መናገር ደግሞ ፍትሕ ነው።

ለማነጻጸር አንድ የውጭ ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ባለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ አንድ አሠራር ተጀመረ። ደካማ ተማሪ አንለይም፣ ከባድ ኮርስ እንለይ አሉ። ያንን ኮርስ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ቁጭ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ያጠናል፤ መምጣት ግዴታ አይደለም፣ ማን እንደመጣም ለማሳፈሪያ አይውልም። ጎበዙም ደካማውም ስለሚመጣ «እርዳታ ፈላጊ» የሚል ስም ማንም ላይ አይለጠፍም። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። የእኛው አንድ ለአምስት ግን ገና ሲጀምር አንዱን ጎበዝ፣ አምስቱን ተከታይ ብሎ ሰይሞ ነው የተነሳው። ሀበሻ ደግሞ ተከታይ መባልን እንዴት እንደሚያይ ታውቁታላችሁ።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነውን ማስታወስ ቢከብድም ማለፍ አይቻልም። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሳ፣ የተማሪ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ግቢ ጥለው ወጡ። በዚያ ዓመት የእኛም ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ተማሪው የሚጠጋበት ዝምድና ብሔር ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ያየነው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባል ነገር ጀመረ። ከሩቅ የመጣን ተማሪ አንድ የጎንደር ነዋሪ ቤተሰብ እንደ ልጁ ይቀበለዋል፤ በዓል ሲሆን እነሱ ጋ ይውላል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ሲመረቅ አጠገቡ ይቆማሉ። በጎ ፈቃድ ነው። ወላጅ «እዛ የምናውቀው ልጅ አለ?» ሲል ጎንደሮቹ «ልጅ ባይኖር እኛ አለን» አሉ። ዝምድናው በእምነትም በብሔርም በሰፈርም ስላልሆነ፣ እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ በሩ ሰፊው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን የእኛ ሰፈር ምን ላይ እንዳለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካሳንቺስ በመልሶ ማልማቱ ፈረሰ። ነዋሪው ገላን ጉራና ሌሎች ቦታዎች ተበተነ። ስለ ልማቱ አስፈላጊነት እዚህ አልከራከርም፤ ሽንት ቤት የሌለው ቤት ይናፍቀኛል የሚል ሰውም የለም። ነገር ግን በአንድ ቧንቧ የሚቀዳው ሰው ተበትኗል። «የእትዬ እገሌ ልጅ እዛ ነው» የሚለው ወሬ ሦስት ቀን ይፈጅበት የነበረ፣ አሁን ጭራሽ አይደርስም። በዚያው ላይ የሚያልፈው ልጅ ቁጥር ራሱ ቀንሷል። ጥቅምት 2015 ላይ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች 8.4 በመቶ ደርሷል። የቀሩት በሬሜዲያል የሚሞክሩ አሉ። ድሮ ከአንድ ሰፈር ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ አምስት ስድስት ልጅ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ አንድ ልጅ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ በዝቷል። እሱን የሚቀድመው ነባር የሰፈር ልጅ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ባልደረቦቼና እኔ ደብተር ከፍተናል። ተራ ባለ 100 ቅጠል ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም አለ፤ ከሥሩ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካሉ ትምህርት ቤቶች ወጥተው እዛ የሚማሩ፣ አዲስ ልጅ ቢደውልላቸው የማይከፋቸው ፈቃደኞች ስም፣ ባችና ዲፓርትመንት። ትምህርት ቤታችንን ብቻ አላልንም። እምነትና ብሔር አንጠይቅም። ለሴት ተማሪ የምንሰጠው የሴት ስልክ ነው፤ ስልኩ ለልጅቷና ለወላጇ እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ሪፖርት የለውም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አገልግሏል፦ አንዱ ልጅ ጅማ መናኸሪያ ሲደርስ ከሦስት ዓመት በፊት እኔው ያስተማርኩት ልጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ጠብቆታል። ሁለቱ እስከዚያ ቀን አይተዋወቁም ነበር።

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ወሎ፣ አርባ ምንጭና ጎንደር ሁለት ሦስት ስም አላቸው። ደብረ ብርሃን አንድ ወንድ ብቻ ነው ያለው፣ ሴት እንፈልጋለን። ሠመራ፣ ጂንካና ቀብሪ ደሃር ገጻቸው ባዶ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ሦስቱም ጋ የተመደቡ ልጆች አሉን። ከእናንተ ውስጥ እዛ የምትማሩ ወይም እዛ ያለ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለጂንካ የደረሳት ልጅ የምትሳፈረው ማክሰኞ ነው።